«ድምጿ አልቋል» ለምትሉኝ ሁሉ

እንግዳ መጥቶ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ አንዳንዴ በ2005 ሙኒክ ውስጥ የተቀረጸውን «ሮቤርቶ ዴቨሩ» እከፍታለሁ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የዶኒዜቲ ኦፔራ ነው፤ የምትወደውን ዴቨሩን በሞት የምትቀጣውን የእንግሊዟን ንግሥት፣ ቀዳማዊት ኤልሳቤጥን፣ የምትጫወተው ሶፕራኖዋ (የከፍተኛው የሴት ድምፅ ዘፋኟ) ኤዲታ ግሩቤሮቫ ያኔ 58 ዓመቷ ነበር። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አንዱ ይጀምራል፦ «ሴትዮዋ አርጅታለች እኮ፣ ድምጿ አልቋል።» ሌላዋ ትቀጥላለች፦ «ምነው አፏን እንዲህ ትበረግደዋለች?» ድምፅ ማሠልጠን ከጀመርሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ ይህንኑ ከተማሪም ከዘመድም ከጎረቤትም ስሰማ ኖሬያለሁ። በየቡናው ከመጨቃጨቅ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልረፍ።

ቀላል ቀላሉን ላስቀድም።

«ቤል ካንቶ ማለት ከላይ ከላይ መጮህ ነው።» አይደለም። ቃሉ በጣልያንኛ ያማረ አዘፋፈን ማለት ነው። የጣልያናውያኑን የሙዚቃ ደራስያን፣ የሮሲኒን፣ የቤሊኒንና የዶኒዜቲን ሥራዎች ለመዝፈን ዋናው ችሎታ ትንፋሽ ሳይሰበር ኖታን ከኖታ ማያያዝ፣ አንዲቷንም ኖታ ከሹክሹክታ አንስቶ ማሳደግና መልሶ ማሳነስ ነው።

«ማይክሮፎን ባይኖራት አትሰማም ነበር።» ማይክሮፎኑ ለቀረጻው ነው። አዳራሽ ለተቀመጠው ሰው የሚደርሰው ከደረቷ የወጣው ብቻ ነው።

«ያልተጻፈ ኖታ እየጨመረች ሙዚቃውን ታበላሻለች።» የዘፈኑ ፈጣን ክፍል ሁለት ጊዜ የሚዘፈነው ለምን ይመስላችኋል? የመጀመሪያውን እንደተጻፈው፣ ድጋሚውን በራሷ ጌጥ እንድትለው ነው። አንዱን ስንኝ ሁለቴ በአንድ ዓይነት ዜማ የሚደግም አዝማሪ ማን ይሸልመዋል? ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ በሌላው የዶኒዜቲ ኦፔራ ውስጥ ሉቺያ አብዳ ከዋሽንት ጋር የምትቀባበለው ረጅም ጌጥ እንኳ የዶኒዜቲ አይደለም፤ እሱ በ1848 ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ የተጨመረ ነው።

አፏን በተመለከተ ትንሽ ልቆይ። ከፍተኛዋ «ዶ» የምትባለው ኖታ በሰከንድ 1,046 ጊዜ ገደማ ትርገበገባለች። «ኢ» የሚለው አናባቢ «ኢ» ሆኖ እንዲሰማን የሚያደርገው ዝቅተኛው የአፍ ውስጥ ማስተጋቢያ ደግሞ 300 አካባቢ ነው። እንግዲህ ኖታዋ ያንን ማስተጋቢያ አልፋ ሦስት እጥፍ ሽቅብ ወጥታለች። ዘፋኟ መንጋጋዋን ካልከፈተች ማስተጋቢያው ኖታዋን አይደርስባትም፣ ድምፁም ታፍኖ ይቀራል። ስትከፍት «ኢ»ም «ኡ»ም ወደ «አ» ይሄዳሉ። ስለዚህ «ቃሉ አይሰማም» ብላችሁ አትውቀሷት፤ እዚያ ከፍታ ላይ የማንም ሶፕራኖ ቃል አይሰማም። ባታምኑኝ ቤታችሁ በሩን ዘግታችሁ «ኢ» እያላችሁ ድምፃችሁን ወደ ከፍተኛዎቹ ኖታዎች ውሰዱት።

ደሜን የሚያፈላው ግን ይኼኛው ነው፦ «ቀርቦ የተቀረጸ ስለሆነ እውነተኛ ድምጿን ሰማነው።»

ይህ ድምፅ ለክንድ ርቀት አልተሠራም። የሙኒክ ብሔራዊ ቴአትር ከ2,000 በላይ ሰው ይይዛል፤ በዘፋኟና በሰዉ መካከል ደግሞ አንድ ሙሉ ኦርኬስትራ ተቀምጧል። ያን ሁሉ ተሻግሮ ላይኛው ሰገነት ድረስ ለመሄድ ድምፁ ስለት ያስፈልገዋል። አጠገቡ ለቆመ ሰው ስለቱ ይቧጭራል፤ የትንፋሽ መሳቡና የጉሮሮው ፍትጊያ ሳይቀር ይሰማል። ርቀቱና አዳራሹ ናቸው የሚያለሰልሱት። ማይክሮፎኑ ግን መድረኩ አፍ ላይ ነው፣ ማንም ቲኬት ቆርጦ ተቀምጦበት በማያውቅ ቦታ።

ሁለት ተማሪዎች ነበሩኝ። አንደኛዋ በስልክ ስቀርጻት ማር ናት። ሁለተኛዋን ስቀርጽ ቆርቆሮ የሚፋቅ ይመስላል፤ እናቷ ሰምተው «ልጄን ምን እያደረግሻት ነው?» ብለውኛል። ሁለቱም ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከኦርጋን ጋር ተፈተኑ። ማሯ ስድስተኛው ረድፍ ላይ ጠፋች። ቆርቆሮዋ መጨረሻው አግዳሚ ላይ ብር ሆና ደረሰችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የተማሪ ችሎታ በስልክ ቀረጻ አልፈርድም።

ቀረጻ የሚያደርሰው ሁለተኛው ጉዳት የባሰ ነው። ቀረጻ ሲቀናበር ስሱ፣ እንደ ሹክሹክታ ያለው ድምፅ ከፍ፣ ጉልሁ ዝቅ ይደረጋል፤ ባይደረግ ሳሎናችሁ ውስጥ ግማሹ አይሰማችሁም፣ ግማሹ ጎረቤት ያስነሣል። ግሩቤሮቫን ታላቅ ያደረጋት ደግሞ ያ ስሱ ነው። እኔ በዚያው ቴአትር የቁም ቲኬት ቆርጬ ሰምቻታለሁ። ሦስተኛው ክፍል ላይ ንግሥቲቱ «ኑር፣ አንተ ውለታ ቢስ» ስትል ሳል እንኳ አልነበረም፤ ከጎኔ የቆሙት ሽማግሌ የፕሮግራሙን ገጽ ሊገልጡ የዘረጉት እጅ እዚያው ቀረ። ፊልሙ ላይ ያ ቦታ ከቁጣዋ ብዙም አያንስም፤ በስልክ ድምፅ ማጉያ ከሆነማ ልዩነቱ ጭራሽ የለም። ጉልበቷንም ስስነቷንም አንድ ልክ አድርጋችሁ ሰምታችሁ «ድምጿ አልቋል» ትሉኛላችሁ።

ደግሞስ ያያችሁት ምንድን ነው? ካሜራው ፊቷ ላይ ተተክሎ ሽብሽቧን ይቆጥራል። አዘጋጁ ክሪስቶፍ ሎይ መጨረሻ ላይ ዊጓን አስወልቆ የሳሳ ሽበቷን ያሳያል፤ ሆን ብሎ ያደረገው ነው። ከሰገነት ሆኖ የሚያይ አንዲት የተዋረደች ንግሥት ያያል። ሶፋ ላይ ያለው አሮጊት አየ፣ ጆሮውም ዓይኑን ተከተለ።

እውነተኛ የድምፅ እርጅና መለያ አለው። ጤናማ ድምፅ አንድ ኖታ ይዞ ሲቆይ በሰከንድ ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ በጥቂቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ቪብራቶ የምንለው ነው። ሲያረጅ ይቀርፋል፣ ይሰፋልም። ውዝዋዜውን በጣታችሁ መቁጠር ከቻላችሁ ድምፁ ደክሟል። በዚህ ፊልም የእሷን ቁጠሩልኝ እስቲ።

ተቃራኒው ስህተትም አለ፤ የሚሉት ደግሞ አዋቂ ነን ባዮች ናቸው፦ «ንግሥቲቱ አሮጊት ስለሆነች ያረጀ ድምፅ ይስማማታል፤ ለሽማግሌ ዘፋኝ የተጻፈ ነው።» ታሪኩ ላይ ትክክል ናቸው፤ ዴቨሩ በ1601 አንገቱ ሲቀላ ኤልሳቤጥ 67 ዓመቷ ነበር። ሙዚቃው ግን በ1837 ኔፕልስ ላይ ሲቀርብ የዘፈነችው ጁሴፒና ሮንዚ 37 ዓመቷ ነበር። ከከርሠ ምድር ወደ ጣራ በአንድ ትንፋሽ የሚዘል ዜማ ነው። ሶፕራኖዋ ቤቨርሊ ሲልስ በ1970 ገና በ41 ዓመቷ ገብታበት፣ የሙያ ዕድሜዋን በዓመታት እንዳሳጠረባት ራሷ ተናግራለች። ማሪዬላ ዴቪያ በ2015 ማድሪድ ላይ ስትዘፍነው ልክ እንደ ንግሥቲቱ 67 ዓመቷ ነበር። ግሩቤሮቫም ከኦፔራ መድረክ የተሰናበተችው በዚሁ ሥራ ነው፣ መጋቢት 2019፣ በ72 ዓመቷ። በ1968 ብራቲስላቫ ከጀመረች 51 ዓመት ሆኗት ነበር። ይህ ለእርጅና የሚደረግ ይቅርታ አያስፈልገውም፤ የቴክኒክ ውጤት ነው።

እንከን አልነበራትም አላልሁም። ኖታውን ከታች ተንጠላጥላ የምትደርስበት ልማድ ነበራት። አንዳንድ አድናቂዎቿ «ፖርታሜንቶ ነው» ይላሉ። ፖርታሜንቶ ሁለት የተጻፉ ኖታዎችን ማያያዝ ነው፤ የእሷ ብዙ ጊዜ ከባዶ ተነሥቶ መንሸራተት ነው፣ ተማሪዬ ብትሆን አስቆማት ነበር። ታችኛው ድምጿም ለንግሥት ቁጣ ይቀጥናል። ወቃሾቿ ይህን ቢሉ አጨበጭብላቸው ነበር፤ እነሱ ግን ሽበቷን ነው የሚያወሩት።

ለመፍረድ ከፈለጋችሁ እንዲህ አድርጉ። ስልኩን ተዉት፤ ደህና ማዳመጫ ወይም ትልቅ ስፒከር ፈልጉ። መጀመሪያ ስክሪኑን አጥፍታችሁ ስሙ። ስፒከሩ ያለበትን ክፍል በር ከፍታችሁ ኮሪደር ላይ ቁሙ፤ ሳቅ ቢመጣባችሁም ቁሙ፣ ትንሽም ቢሆን ርቀት ነው። የመጨረሻዋን ከፍተኛ ኖታ አትጠብቁ፣ እሷን ማንም ይሰማታል። የምትተነፍሰው የት እንደሆነ ያዙ፤ ቃል መሃል ነው ወይስ ሐሳብ ሲያልቅ? የመጀመሪያውን ክፍል ከሦስተኛው ጋር አስተያዩ፤ ደካማ ድምፅ ሦስተኛው ላይ ይጋለጣል። በዓይናችሁ ማየት የኋላ ኋላ ይደርሳል።

እና እባካችሁ፣ ከየትም ቆርጣችሁ የአርባ ሰከንድ ቪዲዮ እየላካችሁ «እንዴት ናት?» አትበሉኝ። ሦስቱንም ክፍል ሰምታችሁ ደውሉ፣ ቡናውን እኔ አፈላለሁ።