ሪሞት ሥራ ምንድን ነው? ለአገር ኢኮኖሚስ ምን ያመጣል?

ሪሞት ወይም የርቀት ሥራ የሚባለው፣ ሠራተኛው ቢሮ ሳይገባ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ባለበት ሆኖ የሚሠራው ሥራ ነው። ብዙ ሰው ከፍሪላንስ ጋር ያምታታዋል። ፍሪላንሰር በየሥራው እየተዋዋለ ይሠራል። ሪሞት ሠራተኛ ግን በወር ደመወዝ የተቀጠረ፣ አለቃም የዓመት ፈቃድም ያለው ሰው ሊሆን ይችላል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። አሜሪካዊው ጃክ ኒልስ ሰውን በየቀኑ ወደ ሥራው ከማመላለስ ሥራውን ወደ ሰውየው መውሰድ ይሻላል ብሎ ማጥናት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ዓለም በጅምላ የገባበት ግን በ2020፣ ኮቪድ አስገድዶት ነው።

ስለ ሪሞት ሲወራ ጎልቶ የሚሰማው የሠራተኛው ምቾት ነው። ትራንስፖርት ቀረ፣ ሰልፍ ቀረ። ለእኔ ዋናው ጉዳይ ሌላ ነው። ሪሞት፣ ደመወዝ የሚከፈልበትን ቦታና ሠራተኛው ደመወዙን የሚያወጣበትን ቦታ ለያይቷል። ለአገር የሚያመጣው ጥቅምም ጣጣም አብዛኛው ከዚህ ይመጣል።

ከቢሮ ሕንፃ ሥር ያለ ምሳ ቤት እንውሰድ። የሕንፃው ሠራተኞች ሰኞና ዓርብ ከቤት መሥራት ጀመሩ እንበል። ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ወንበር አይገኝም። በቀሩት ሁለት ቀናት አስተናጋጆቹ ቆመው ይውላሉ። ኪራዩ ግን ያው ነው፤ የሙሉ ሳምንት ይከፈላል። ባለቤቱ መጀመሪያ የሚቀንሰው አስተናጋጅ ነው። የምሳው ገንዘብ አልጠፋም። ሠራተኛው ሰፈር ወዳለው ሱቅና ምግብ ቤት ዞሯል። አርጁን ራማኒና ኒኮላስ ብሉም የተባሉ ኢኮኖሚስቶች ትልልቅ የአሜሪካ ከተሞችን ሲያጠኑ ያገኙትም ይህንኑ ነው፤ ሰውም ንግድም ከመሀል ከተማ ወደ ዳር ሄዷል። ቢሮዎች ባዶ ሲሆኑ ደግሞ የሕንፃ ዋጋ ይወርዳል። በሕንፃ ግብር የሚተዳደር ከተማ ገቢው ይሳሳል።

ድንበር ሲሻገር ነገሩ ይወሳሰባል። አገሩ ተቀምጦ ለውጭ ድርጅት ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው፣ ያለ ወደብና ያለ ኮንቴይነር ኤክስፖርት እያደረገ ነው። የውጭ ምንዛሪ ያስገባል፣ ገንዘቡን የሚያወጣው ግን እዚያው የሚኖርበት ሰፈር ነው። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በሌላ በኩል፣ ያሠለጠነው የአገር ውስጥ ድርጅት በዶላር ከሚከፍል ቀጣሪ ጋር መወዳደር አይችልም። ሰውየው አልተሰደደም፣ ሙያው ግን ሄዷል። ባለ ከፍተኛ ደመወዝ አገር ያለው ባለሙያም በፊናው ከዓለም ሁሉ ጋር ይፎካከራል።

ግብሩስ? ብዙ አገሮች በዓመት 183 ቀንና ከዚያ በላይ የቆየን ሰው የግብር ነዋሪያቸው ያደርጉታል። ቀጣሪው ግን በዚያ አገር ቢሮ ከሌለው፣ ብዙ ጊዜ ከደመወዙ ቆርጦ ገቢ የሚያደርግ አካል አይኖርም። የቀጣሪው የጡረታ መዋጮም እንዲሁ ይቀራል። በጣም የሚያሳስበኝ፣ በወረቀት ላይ ኮንትራክተር፣ ማለትም በራሱ የሚሠራ ተዋዋይ ተብሎ በተግባር ግን ቅጥረኛ የሆነው ሰው ነው። ቢታመምም ቢባረርም ብቻውን ነው። ይህን ክፍተት ለመሙላት፣ በውጭው ድርጅት ፈንታ ሠራተኛውን በአገሩ ሕግ የሚቀጥሩ አገናኝ ድርጅቶች ተፈጥረዋል።

ዕድሉ ለሁሉም እኩል አይደለም። ነርስ፣ ግንበኛና ሾፌር ሥራቸውን ቤት ይዘው አይገቡም። ዲንግልና ኒማን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በ2020 ባወጡት ጥናት፣ በአሜሪካ ሙሉ በሙሉ ከቤት ሊሠራ የሚችለው 37 በመቶው ሥራ ብቻ ነው። ድሃ አገሮች ዘንድ ድርሻው ያንሳል። በአንጻሩ አካል ጉዳተኞችና ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ወላጆች፣ ተዘግቶባቸው የነበረ የሥራ በር ተከፍቶላቸዋል።

ምርታማነትስ? ሲትሪፕ በተባለው የቻይና የጉዞ ድርጅት በተደረገ ሙከራ፣ ከቤት የሠሩት የጥሪ ማዕከል ሠራተኞች ውጤት በ13 በመቶ ጨምሯል። አብዛኛው የመጣው እረፍትና የሕመም ፈቃድ ስለቀነሰ ነው። ሆኖም ሙከራው ሲያልቅ ብዙዎቹ ወደ ቢሮ መመለስ መረጡ፤ ብቸኝነቱ ከብዷቸው ነበር። ይኸው ድርጅት በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት ማሠራትን ሲሞክር፣ ሥራ የሚለቁት በአንድ ሦስተኛ ቀነሱ። በ2024 የታተመው ይህ ጥናት በሥራ ውጤትም ሆነ በሠራተኞቹ የደረጃ ዕድገት ላይ ጉዳት አላገኘም።

ጀማሪዎችን በተመለከተ ግን ስጋት አለኝ። ሙያ ከማኑዋል ብቻ አይለመድም። አጠገብህ ያለው ሰው የተናደደ ደንበኛን እንዴት እንደሚያበርድ በመስማት፣ የተበላሸ ፋይል ይዘህ ወንበርህን ወደ እሱ በማዞርም ይለመዳል። በቪዲዮ ጥሪ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ቀጠሮ መያዝ አለብህ፣ ጀማሪ ደግሞ ሰው ማስቸገር ይፈራል። ስለዚህ ሪሞት የሚቀጥሩ ድርጅቶች ልምድ ያለውን መምረጥ ይቀናቸዋል። ሁሉም እንዲህ ካደረገ ልምድ የሚሰጥ ቀጣሪ አይኖርም። አዲስ ሠራተኛን የመጀመሪያዎቹን ወራት ከነባሮቹ ጋር ቢሮ አስቀምጦ፣ ከዚያ በኋላ ከፈለገ ከቤት እንዲሠራ መፍቀድ ይቻላል። ወጪ አለው፤ ወጪውን መሸከም ያለበትም ቀጣሪው ነው።