ኤልክ አደን ከመውጣታችሁ በፊት፦ ስለ ጠመንጃ በስህተት የሚነገሩ ነገሮች

ጥቅምት ሲገባ ኮሎራዶ ውስጥ የጠመንጃ አደን ወቅት ይጀምራል። ዴንቨርና አውሮራ ከሚኖሩ ወገኖቻችንም ኤልክ የሚባለውን ግዙፍ የአጋዘን ዘር ለማደን የሚጓጉ አሉ። ፈቃድ ይጠያየቃሉ፣ ጠመንጃ ያማርጣሉ። ስለ አተኳኮስና ስለ ጥንቃቄ የሚነገረው ግን ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው። በዚህ ደግሞ ሰው ይሞታል።

«አገር ቤት ጠመንጃ ይዤ ነው ያደግሁት፤ ማን ያስተምረኛል?»

ይህን የሚሉት ብዙዎቹ ጎበዝ ተኳሾች ናቸው፤ ጉብዝናቸውን አልክድም። የኮሎራዶ ሕግ ግን እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ አዳኝ የአደን ትምህርት እንዲወስድ ያዛል። ትምህርቱ ቃታ መሳብ ብቻ አያስተምርም፤ ቃታ የማይሳበው መቼ እንደሆነም ያስተምራል። እኛ ጋ በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ መተኮስ የተለመደባቸው አካባቢዎች አሉ። ወደ ሰማይ የሄደው ጥይት የሆነ ቦታ መውረዱ አይቀርም። ለኤልክ ብዙ ሰው የሚይዘው ሰላሳ ኦ ስድስት (.30-06) የሚባለው የጥይት ዓይነት ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ኤልኩ ተራራው ጫፍ ላይ ቆሞ ከጀርባው ሰማይ ብቻ ከታየ፣ የቱንም ያህል ቢያምር አይተኮስም። ጥይቱን የሚይዝ የአፈር ዳገት ከኋላው መኖር አለበት።

«ሴፍቲው ተቆልፏል፣ ምንም አይሆንም»

ሴፍቲ፣ ማለትም ቃታው እንዳይሳብ የሚቆልፈው ማገጃ፣ እንደማንኛውም ማሽን ይበላሻል። ቆሻሻ ይገባበታል፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ስትሄዱ ቅርንጫፍ ነክቶት ሊከፈትም ይችላል። ዋናው መከላከያ አፈሙዙ የሚያይበት አቅጣጫና ከቃታው ውጪ ያለ ጣት ነው።

አጥር ስትሻገሩ ጥይቱን አውጡ፤ ከዚያ አፈሙዙ ወደማንም እንዳያይ አድርጋችሁ ጠመንጃውን አስቀድማችሁ አሳልፉ፣ ቀጥሎ እናንተ። መኪና ውስጥ በርሜሉ ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ መያዝ ኮሎራዶ ውስጥ ሕገወጥ ነው። ካዝናውን (ጥይት የሚሞላበትን) መንቀል ብቻውን አይበቃም፤ አንዷ ጥይት ቀድማ ጎርሳ ሊሆን ይችላል። ቦልቱን (ጥይቱን የሚያጎርሰውን ተንሸራታች ብረት) ስባችሁ በዓይናችሁ እዩ። ከጨለመም በጣት ዳብሱ።

«ጥይቱ በተለቀ ቁጥር ይሻላል»

ጀማሪን በጣም የሚጎዳው ይህ ምክር ይመስለኛል። የኮሎራዶ ሕግ ለትልልቅ አውሬ የሚጠይቀው ዝቅተኛ የጥይት ስፋት 6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ያሉት ሰላሳ ኦ ስድስት፣ 308 ወይም 270 የሚባሉት የጥይት ዓይነቶች ለኤልክ ይበቃሉ። አዲስ ሰው ግን 300 ማግነም የሚባለውን ኃይለኛ ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ ገዝቶ ይመጣል። ሰደፉ ትከሻውን ሁለት ሦስቴ ይመታዋል፤ ከዚያ በኋላ ሰውነቱ ፍንዳታውን መፍራት ይጀምራል። ዓይኑ ይጨፈናል፣ ቃታውን ይመነጭቃል። ለራሱ ግን አይታወቀውም።

መፈተኛው ቀላል ነው። ተኩስ መለማመጃ ቦታ ሄዳችሁ ካዝናውን ጓደኛችሁ ይሙላላችሁ። ከእውነተኛዎቹ ጥይቶች መሃል ባሩድ የሌለው የመለማመጃ ጥይት ይቀላቅል፤ የቱ እንደሚመጣ እንዳታውቁ። ባዶው ሲደርስ ቃታው ቀጭ ብሎ ይቀራል። ያኔ አፈሙዙ ወደ ታች ከዘለለ፣ ሰውነታችሁ ምቱን ፈርቶ ቀድሞ ተንቀሳቅሷል። መፍትሔው አነስ ያለ ጥይት፣ ጥሩ የጆሮ መከላከያና ብዙ ልምምድ ነው።

«100 ያርድ ላይ ኢላማዬን መትቻለሁ፣ ተዘጋጅቻለሁ»

ጠረጴዛ ላይ ተደግፋችሁ ነው የመታችሁት። ኤልክ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ዳገቱን ወጥታችሁ እያለከለካችሁ ነው የምትተኩሱት። ተንበርክካችሁ፣ ተቀምጣችሁ፣ ቦርሳ ላይ ተደግፋችሁ ተለማመዱ። ትንሽ ሮጣችሁ ወዲያው ሞክሩት። ልብና ሳንባው ያለበት ቦታ፣ ከትከሻው ጀርባ፣ የእራት ሳህን ያክላል። በዚያ ሁኔታ ያን የምታህል ኢላማ ደጋግማችሁ የማትመቱበት ርቀት ላይ አትተኩሱ።

«ብርቱካናማ ልብስ አውሬውን ያባርራል»

አያባርርም። ኤልክ ብርቱካናማን እንደ እኛ ደምቆ አያየውም። ሌላው አዳኝ ግን ከሩቅ ያያችኋል። ሕጉም በጠመንጃ ወቅት ከወገብ በላይ ቢያንስ 500 ስኩዌር ኢንች ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ፣ በተጨማሪም በዚሁ ቀለም ቆብ ያዛል። ዝንጉርጉሩ አይቆጠርም።

«ምን እንደሆነ በስኮፑ አይቼ እለያለሁ»

ስኮፕ ጠመንጃው ላይ የሚገጠም ማጉያ መነጽር ስለሆነ፣ በስኮፕ ማየት ማለት ጠመንጃ መደገን ማለት ነው። ያ ነገር ሰው ቢሆንስ? ለመለየት ባይኖኩላር (በእጅ የሚያዝ የሩቅ ማያ መነጽር) ያዙ። ኮሎራዶ ውስጥ ኤልክ መስሏቸው ሙስ የሚባለውን ሌላ ትልቅ የአጋዘን ዘር የሚገድሉ አዳኞች በየዓመቱ አሉ። ሙስ ጠቆር ያለ፣ አፍንጫው ትልቅና ወደ ታች ያዘቀዘቀ ነው፤ ሰው ሲያይም ብዙ ጊዜ አይሸሽም። ኤልክ አንገቱ ጠቆር፣ መቀመጫው ፈካ ይላል።

«ካልወደቀ ስቼዋለሁ»

ሳንባው የተመታ ኤልክ እንኳ ምንም እንዳልሆነ ሮጦ ዛፍ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ወዲያው ከተከተላችሁት የበለጠ ይርቃል። ሕጉም የቆሰለ አውሬ ለማግኘት ተገቢውን ጥረት እንድታደርጉ ያስገድዳል። የቆመበትን ቦታ በዓይናችሁ ያዙ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ከዚያ ሄዳችሁ ደምና ፀጉር ፈልጉ። ደም ባገኛችሁበት ሁሉ ደማቅ ሪባን እሰሩ። ዱካው ቢጠፋባችሁ ወደ መጨረሻው ሪባን ተመልሳችሁ ክቡን እያሰፋችሁ ዙሩ።