አጋር «ሁለት ክለብ» ሲል፦ ስለ ምላሽ አመራረጥ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ኮንትራክት ብሪጅ ሁለት ጥንድ አጋሮች የሚጋጠሙበት የካርታ ጨዋታ ነው፤ ከጨዋታው በፊት በሚደረገው ጨረታ ተጫዋቾች ስንት ዙር እንደሚያሸንፉና በየትኛው የካርታ ዓይነት (ከዝቅተኛው ጀምሮ ክለብ፣ ዳይመንድ፣ ኸርት ወይም ስፔድ) እንደሚጫወቱ በጥሪ ይናገራሉ። አንዳንድ የመክፈቻ ጥሪዎች ግን ስለተጠራው የካርታ ዓይነት ምንም አይናገሩም። «ሁለት ክለብ» ብሎ የከፈተ ሰው በእጁ አንድ ክለብ ብቻ ሊኖር ይችላል። ነጥቡ የሚቆጠረው እንደተለመደው ነው፦ አስ 4፣ ንጉሥ 3፣ ንግሥት 2፣ ጃክ 1፤ በጠቅላላው 40።

«ባዶ እጅ ከያዝኩ ፓስ እላለሁ»

ፓስ (አልጠራም) አይባልም። ጠንካራው ሁለት ክለብ ከፋቹ 22 ነጥብና ከዚያ በላይ፣ ወይም ብቻውን ለጌም (ጉርሻ ለሚያስገኝ የጥሪ ደረጃ) የሚበቃ ካርታ እንደያዘ ይናገራል። ዜሮ ነጥብ ይዘው ፓስ ካሉ፣ አጋርዎ ክለብ በሌለው እጅ ክለብን ትራምፕ (ሌሎቹን ዓይነቶች የሚያሸንፍ) አድርጎ 8 ዙር (6 ሲደመር የተጠራው 2) ለማሸነፍ ይታገላል፤ ለምሳሌ በስፔድ የነበረው ጌምም ያመልጣል። ማቆም የሚቻለው ሁለት ዳይመንድ መልሰው፣ ከፋቹ ሁለት ኖትራምፕ (ትራምፕ የሌለው ጨዋታ) ሲል ነው፤ ይህም የተመጣጠነና አብዛኛውን ጊዜ ከ22 እስከ 24 ነጥብ ያለው እጅ ነው።

«ሁለት ዳይመንድ ደካማ ነኝ ማለት ነው»

በድሮው አጨዋወት አዎ፣ ከ0 እስከ 7 ነጥብ ማለት ነበር። ዛሬ ግን ብዙ ጥንዶች እንደ መጠበቂያ ጥሪ ይጠቀሙበታል፦ «ቀጥል፣ እየሰማሁ ነው» እንደማለት። ድክመቱ በሁለተኛው ተራ ይነገራል፤ ለምሳሌ ከፋቹ ሁለት ስፔድ ሲል መላሹ ሦስት ክለብ ይላል፣ ክለብ ኖረውም አልኖረውም። ሌሎች ጥንዶች ደግሞ ገና በመጀመሪያው ተራ ሁለት ኸርት ብለው አስም ንጉሥም እንደሌላቸው ያሳውቃሉ። የቱን እንደሚጫወቱ ካርታው ከመታደሉ በፊት ይስማሙ።

«8 ነጥብ ካለኝ ወዲያው ማሳየት አለብኝ»

ከሁሉም የሚጎዳው ስህተት ይህ ነው። እጁ የከፋቹ ነው፤ የሚገነባውም እሱ ነውና ቦታ ያስፈልገዋል። መላሹ ሦስት ክለብ ብሎ ሲመልስ፣ ከፋቹ ኸርቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠራው በሦስተኛው ደረጃ ይሆናል፤ ጌም እዚያው አፍንጫው ሥር ስለሆነ ስለ ስላም (12 ወይም 13 ዙር ለማሸነፍ ስለሚጠራው ጥሪ) መመካከሪያ የሚሆን ቦታ አይተርፍም።

ስለዚህ መስፈርቱ ጥብቅ ይሁን፦ 8 ነጥብ፣ ቢያንስ 5 ካርታ ያለው ዓይነት፣ በዚያም ዓይነት ውስጥ ከአስ፣ ከንጉሥና ከንግሥት ሁለቱ። በስፔድ አስ‑ንጉሥ‑9‑6‑3፣ በሌላ ዓይነት አንድ ጃክ የያዘ ሁለት ስፔድ ይበል። በስፔድ ንግሥት‑ጃክ‑8‑6‑3፣ ከጎን ሁለት ንግሥትና አንድ ጃክ የያዘም 8 ነጥብ አለው፤ እሱ ግን ሁለት ዳይመንድ ብሎ ይጠብቅ።

ሁለት ኖትራምፕ ብሎ መመለስም ድብቅ ዋጋ አለው። ኖትራምፕን ቀድሞ የጠራው ደካማው እጅ ስለሆነ፣ ጨረታው በኖትራምፕ ካለቀ የሚጫወተው እሱ ይሆናል፣ ጠንካራው እጅ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፤ ተቃራኒዎቹም እያዩት ይጫወታሉ።

«የጠንካራ አንድ ክለብ ምላሽም ያው ነው»

አይደለም። የታይዋን ቡድን በ1969 በዓለም የብሪጅ ሻምፒዮና በቤርሙዳ ቦውል ሁለተኛ ሲወጣ በተጫወተው ፕሪሲዥን በተባለው የጨረታ ሥርዓት፣ አንድ ክለብ 16 ነጥብና ከዚያ በላይ ነው። አንድ ዳይመንድ ከ0 እስከ 7 ነጥብ ነው፤ አንድ ኸርት ወይም አንድ ስፔድ ደግሞ 8 ነጥብና 5 ካርታ ካለ ይበቃል። ጨረታው ከታች ስለጀመረ ቦታ አለ፤ የዓይነቱ ጥራት ያን ያህል አይጠየቅም።

«በመልቲ ሁለት ዳይመንድ ላይ ሁለት ኸርት ካልኩ ኸርት አለኝ ማለት ነው»

መልቲ የሚባለው የሁለት ዳይመንድ መክፈቻ በአብዛኛው በኸርት ወይም በስፔድ 6 ካርታ ያለው ደካማ እጅ ነው፤ የትኛው እንደሆነ መላሹ አያውቅም። ሁለት ኸርት ማለት «ኸርት ከሆነ ፓስ በል፣ ስፔድ ከሆነ አርም» ነው። ግራ የሚያጋባው ተቃራኒው ነው፦ 4 ኸርትና 1 ስፔድ፣ ከመጠነኛ ነጥብ ጋር የያዘ መላሽ ሁለት ስፔድ ይላል። አጋሩ ስፔድ ካለው እዚያው ይቆማል፤ ኸርት ካለው ወደ ሦስት ኸርት ይወጣል፣ መላሹም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ጠንካራ እጅ ያለው መላሽ ሁለት ኖትራምፕ ብሎ ይጠይቅ።

«ተቃራኒ ጣልቃ ከገባ ምላሹ አይለወጥም»

ይለወጣል። ከሁለት ክለብ በኋላ ተቃራኒው ሁለት ስፔድ ካለ ሁለት ዳይመንድ የለም። ብዙ ጥንዶች ደብልን (የተቃራኒውን ጥሪ ዋጋ የሚያሳድግ ጥሪ) «ምንም የለኝም» ለማለት፣ ፓስን ደግሞ ጥቂት ነጥብ እንዳለ ለመንገር ይጠቀሙበታል፤ ከፋቹም ከዚያ ፓስ በኋላ ጨረታውን መተው አይችልም። በተገላቢጦሽ የሚጫወቱም አሉ፤ ሁለቱ አጋሮች በተለያየ መንገድ ከተረዱት ግን «ምንም የለኝም» የሚለው ደብል እንደ ጥንካሬ ተወስዶ ተቃራኒው ደብል የተባለውን ሁለት ስፔድ ያሳካል፣ ወይም አጋር ያለ ድጋፍ አምስተኛው ደረጃ ላይ ይገኛል።