ተባይ ገዳይ ኔማቶዶች ላይ የሚታየው "የባህርይ መዳከም" ምንድን ነው?

ኔማቶድ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት የሰብል ሥር የሚያበላሸው ትል ነው። ተባይ ገዳዮቹ ግን ወዳጆቻችን ናቸው። ስታይነርኔማ እና ሄተሮራብዳይቲስ የሚባሉት አፈር ውስጥ ያለ የነፍሳት እጭ ላይ ገብተው ተሸክመው የመጡትን ባክቴሪያ ደሙ ውስጥ ይለቁበታል፤ እጩ ብዙውን ጊዜ በ48 ሰዓት ውስጥ ይሞታል።

ጣጣው የሚመጣው ላብራቶሪ ውስጥ ደጋግመን ስናረባቸው ነው። ከትውልድ ትውልድ የመግደል አቅማቸው፣ ሙቀት መቋቋማቸው፣ እጭ ፈልጎ ማግኘታቸው፣ መራባታቸውም ሊወርድ ይችላል። የባህርይ መዳከም ማለት ይሄ ነው።

ለምን? አረባቡን ጠጋ ብላችሁ እዩት። የሰም እራት (የንብ ሰም የሚበላ የእሳት እራት ዓይነት) እጭ በፔትሪ ሳህን፣ እርጥብ ማጣሪያ ወረቀት ላይ ይቀመጣል፤ ኔማቶዶቹ እላዩ ላይ ጠብ ይደረጋሉ። በቃ፣ ምግቡ አፍንጫቸው ሥር ነው! አፈር ሰርስሮ እጭ ማግኘት የማይችለውም እኩል ይበላል፣ እኩል ይወልዳል። ሙቀቱ የተመጠነ ስለሆነ ሙቀት የማይችለውም ይተርፋል። ከዚያ ከእጩ ሬሳ ቀድመው ወጥተው ዙሪያው በተዘጋጀው ውሃ ውስጥ የገቡት ተሰብስበው ለቀጣዩ ዙር ዘር ይሆናሉ፣ የዘገዩት ይደፋሉ። ማንም ሳያስበው ለላብራቶሪ ኑሮ የሚመቹት እየተመረጡ ነው፣ ማሳ ላይ የሚያስፈልገን ችሎታ ግን ጠባቂ የለውም።

በዚያ ላይ መነሻቸው ከአንድ ቦታ የተሰበሰቡ ጥቂት ትሎች ከሆኑ የዘረመል ስብጥራቸው ከጅምሩ ጠባብ ነው። በየዙሩ ጥቂቱን ብቻ ማሳለፍ ጥሩውን ዘረመል እንዲሁ በአጋጣሚ ያጠፋዋል፣ ዘመድ ከዘመድም ይራባል።

አንዳንዴ ደግሞ የተዳከመው ትሉ ሳይሆን ባክቴሪያው ነው። ይህን ለመለየት የቆየውን ትል ካልተዳከመ ባክቴሪያ ጋር አጣምሮ መሞከር ይቻላል።

መፍትሄዎቹ ውስጥ እኔን በጣም የሚገርመኝ የዘመድ እርባታን ራሱን መድኃኒት ማድረጉ ነው። ሄተሮራብዳይቲስ እጩ ውስጥ ገብታ ስታድግ ወንዴም ሴቴም ስለምትሆን ብቻዋን ትወልዳለች። ስለዚህ ገና ጠንካራ ሳሉ ከነጠላ እናቶች ብዙ መስመሮችን ጀምሮ፣ እያንዳንዱን ለተከታታይ ትውልዶች ብቻውን አራብቶ፣ ደካማ የወጣውን መጣል፣ ጎበዙን ማስቀረት ይቻላል። የቀረው መስመር ውስጥ ዘረመሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ያለሐሳብ የሚደረገው ምርጫ የሚመርጠው ልዩነት አያገኝም፤ ባህርይው ቶሎ አይናወጥም።

ይህን ሁሉ ለማድረግ አቅም የሌለው ደግሞ ገና ከጅምሩ ከተለያየ ቦታ ብዙ ትል ይሰብስብ፣ ከፊሉን በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዞ ያስቀምጥ፣ ስንተኛ ዙር ላይ እንዳለ በየሳህኑ ይጻፍ፣ የመግደል አቅሙ ሲወርድ ካየ ወደ ቀዘቀዘው ይመለስ።