የሬዲዮ ጣቢያዎች የሮክ ፌስቲቫል፦ ስለ አጀማመሩ፣ ስለ ገንዘቡና ስለ ፍጻሜው የሚነገሩ ስህተቶች

በአሜሪካ፣ በካናዳና በአውስትራሊያ አንዳንድ የሬዲዮ ጣቢያዎች በዓመት አንድ ጊዜ አድማጮቻቸውን ሜዳ ወይም ስታዲየም ላይ ሰብስበው ቀኑን ሙሉ ሮክ ያስደምጣሉ። የሎስ አንጀለሱ ኬሮክ ከ1993፣ የሳን ፍራንሲስኮው ላይቭ 105 ከ1994 ጀምሮ ይህን አድርገዋል። ስለነዚህ ፌስቲቫሎች የሚነገረው ብዙው ግን ስህተት ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የሮክ ፌስቲቫል የተጀመረው በዉድስቶክ ነው»

ዉድስቶክ የተባለው ዝነኛ የአሜሪካ የሮክ ፌስቲቫል የተካሄደው በኦገስት 1969 ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ጁን 10 እና 11 ቀን 1967፣ ኬኤፍአርሲ የተባለው የሳን ፍራንሲስኮ ሬዲዮ ከከተማዋ በስተሰሜን በሚገኘው በታማልፓይስ ተራራ ላይ የሁለት ቀን የሙዚቃ ድግስ አዘጋጅቶ ነበር። ዘ ዶርስ፣ ጀፈርሰን ኤርፕሌንና ዘ በርድስ ተጫውተውበታል። መግቢያው 2 ዶላር ሲሆን ገቢው በሃንተርስ ፖይንት ሰፈር ለሚገኝ የሕፃናት መዋያ የታሰበ ነበር። የአሜሪካ የመጀመሪያው የሮክ ፌስቲቫል ይህ ነው የሚሉ የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው፤ እኔም ከእነርሱ ጋር እስማማለሁ። ዝነኛው የሞንተሬይ ፌስቲቫል እንኳ የመጣው ከሳምንት በኋላ ነው። ሞንተሬይና ዉድስቶክ በየሲኒማ ቤቱ የታየ ፊልም ተሠርቶላቸዋል፤ የተራራው ድግስ ግን ያን ዕድል ስላላገኘ ከሰው አእምሮ ወጣ። አዘጋጁ ደግሞ የዘመኑን ተወዳጅ ዘፈኖች እየደጋገመ የሚያሰማ ተራ የንግድ ጣቢያ ነበር። ይህ ሊዘነጋ አይገባም፤ የሮክ አደባባይ በአመፀኛ ወጣቶች ብቻ አልተከፈተም።

«ባንዶቹ ሙሉ ዋጋቸው ተከፍሏቸው ነው የሚመጡት»

ቲኬት የገዛ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። በእነዚህ መድረኮች ላይ ግን ብዙ ባንዶች ከተለመደው ክፍያቸው እጅግ ባነሰ ገንዘብ፣ አንዳንዶቹም ያለ ክፍያ ይጫወታሉ። ድምፅ ማጉያውን፣ ጥበቃውንና ኢንሹራንሱን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰናዳው ሙያተኛ የኮንሰርት አዘጋጅ ነው። የጣቢያው ድርሻ ስሙና የአየር ሰዓቱ ነው። የማን ዘፈን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሰማ የሚወስነውም እርሱ ነው፤ አዲስ አልበም ያወጣ ባንድ እንዲህ ካለ ጣቢያ የመጣ ግብዣን እምቢ ለማለት ይቸገራል።

እዚህ ላይ ሕጉ ይገባል። በአሜሪካ ከ1960 ጀምሮ፣ ጥቅም ተቀብሎ ዘፈን ማሰማትና ይህንኑ ከአድማጭ መደበቅ ክልክል ነው። ክፍያ መቀበል በራሱ ወንጀል ነው የሚሉ ሰዎችም ይሳሳታሉ፤ ሕጉ የሚከለክለው ድብቅነቱን ነው። በፌብሩዋሪ 2025 የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ጉዳዩን በስሙ ጠርቶ ማሳሰቢያ አወጣ፦ «በነጻ ወይም በቅናሽ ከተጫወትክልን ዘፈንህን አብዝተን እናሰማልሃለን» የሚል ስምምነት ለአድማጭ ሳይገለጽ ከተደረገ ሕግ መጣስ ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት መምጣት የነበረበት ማሳሰቢያ ነው። ትልልቆቹ ባንዶች ኪሳራውን ይችሉታል፤ የቫን ነዳጁን ከኪሱ የሚከፍለው ጀማሪ ባንድ ግን አይችለውም።

«ከሮክ በቀር ሌላ አይሰማበትም»

በ2004 ኤችኤፍስቲቫል በተባለው የዋሽንግተን የሬዲዮ ፌስቲቫል ላይ የሮክ ባንዱ ዘ ኪዩርና ራፐሩ ጄይ ዚ አብረው ተጫውተዋል።

«ሁሉም የማስታወቂያ ንግድ ነው»

የአውስትራሊያው ትሪፕል ጄ ማስታወቂያ የማያሰማ የሕዝብ ሬዲዮ ነው። በ2004 ናቲመክ በምትባል ትንሽ የቪክቶሪያ ገጠር ከተማ የጀመረውን ኮንሰርት ለዓመታት በነጻ አሳይቷል። ታላላቅ ከተሞችን ትቶ ከዋና መንገድ የራቁትን እየመረጠ ይሄዳል፤ ከተሞቹም ለመመረጥ ይወዳደራሉ። አልኮል ስለማይሸጥበት ታዳጊዎችም ይገባሉ። ከሁሉም አብልጬ የምወደው አሠራር ይህ ነው።

«ጣቢያው ሲዘጋ ፌስቲቫሉም ያበቃል»

ኤችኤፍስቲቫል ስሙን ያገኘው ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን አካባቢ ይሰማ ከነበረው ከዳብሊውኤችኤፍኤስ ሬዲዮ ነው። በ1990 በቨርጂኒያ ሬስተን በሚገኝ መናፈሻ ተጀምሮ በኋላ አርኤፍኬ ስታዲየምን የሚሞላ ድግስ ሆነ። ጃንዋሪ 12 ቀን 2005 እኩለ ቀን ላይ ግን ባለቤቱ ኩባንያ በኤፍኤም 99.1 ላይ የነበረውን ሮክ ያለ ማስጠንቀቂያ አጥፍቶ የስፓኒሽ ቋንቋ ሙዚቃ አስገባ። አድማጮች ፊርማ አሰባስበው ተቃወሙ። ስሙ ወደ ባልቲሞር ሌላ ሞገድ ተዛውሮ ፌስቲቫሉ ጥቂት ዓመታት እየተቆራረጠ ቀጠለና በ2011 ቆመ።

ከዚያም በሴፕቴምበር 2024 በዋሽንግተን ናሽናልስ ፓርክ ተመልሶ መጣ፤ ጋርቤጅ፣ ቡሽና ኢንኩበስ ተጫወቱበት። አዘጋጁ የአካባቢው የኮንሰርት ድርጅት አይ.ኤም.ፒ. ነበር። ከጀርባው ዘፈኖቹን ዓመቱን ሙሉ የሚያሰማ፣ የሰፈሩን ጀማሪ ባንድ መርጦ መድረክ ላይ የሚያወጣ ጣቢያ አልነበረም፤ ጠፋ ከተባለ መጥፋት የሚባለው ይህ ነው።