2,147,483,647፦ ጥምቀት ማለዳ ላይ የሚሞላው ቁጥር

ሁለት ቢሊዮን አንድ መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን አራት መቶ ሰማንያ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ሰባት። ስሙ ረጅም ይሁን እንጂ አሠራሩ ቀላል ነው። ደሴ ፒያሳ ያለ ባለሱቅ ዛሬ 1 ብር፣ ነገ 2፣ ከነገ ወዲያ 4 እያለ በየቀኑ እጥፍ ቢያስቀምጥ፣ በ31ኛው ቀን ማታ ሳጥኑ ውስጥ የሚገኘው ልክ ይሄው ነው። አንድ ብር አይጎድልም፣ አንድ ብር አይተርፍም።

ቁጥሩ ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። በዚህ መንገድ የሚሠራ ቁጥር ሁሉ ግን እንዲህ አይታደልም። ባለሱቁ በ11ኛው ቀን ቢያቆም 2,047 ብር ይኖረዋል፣ ይሄ ደግሞ 23 ሲባዛ በ89 ነው። ፈተናውን የሚያልፉት በፈረንሳዊው መነኩሴ በማሪን መርሰን ስም ይጠራሉ፦ 3፣ 7፣ 31፣ 127 እያሉ ይሄዳሉ፣ የእኛው 8ኛው ነው።

ብቸኛ መሆኑን ያረጋገጠው ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ሌዎንሃርድ ኦይለር ነው፣ በ1772 እ.ኤ.አ.፣ ዓይኑ ሊጠፋ በተቃረበበት ጊዜ። ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው። ካልኩሌተር የለም፣ እሱ ግን መጀመሪያ ሥራውን በሐሳብ አቀለለው። አካፋይ ካለ አንዱ ከ46,341 ማነስ አለበት። በዚያ ላይ ይሄው አካፋይ ለ248 ሲካፈል ቀሪው ወይ 1 ወይ 63 መሆን አለበት። በዚህ ወንፊት ሲያልፉ የሚቀሩት ዕጩዎች ብዛታቸው ከ400 ያነሰ ነው። አንዱን እናንተም ሞክሩት፦ 311። ለ311 ስታካፍሉት 35 ይተርፋል፣ ስለዚህ 311 ወደቀ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ወደቁ። ቁጥሩም ለአሥርተ ዓመታት በዓለም የታወቀው ትልቁ ብቸኛ ቁጥር ሆኖ ቆየ።

በ1,073,741,824 ሲባዛ ደግሞ 2,305,843,008,139,952,128 ይሰጣል። ይሄኛው ፍጹም ቁጥር ነው፤ ልክ 6 ከ1፣ ከ2 እና ከ3 ድምር እንደሚገኝ፣ ከራሱ በታች ያሉ አካፋዮቹ ሁሉ ሲደመሩ እሱኑ ይመልሳሉ።

ኮምቦልቻ ባለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኮዲንግ የሚማር ልጅ ግን ቁጥሩን የሚያውቀው በሌላ በኩል ነው። ኮምፒውተር በ32 ቢት (ቢት ማለት 0 ወይም 1 የሚያዝበት አንድ ቦታ ነው) ሲቆጥር አንዱ ቢት ለመደመርና ለመቀነስ ምልክት ይሄዳል፣ የቀሩት 31ዱ ሲሞሉ ጣሪያው ይሄ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የአንድ ኮሪያዊ ዘፈን ተመልካች ከዚህ ጣሪያ በላይ ሲሄድ ዩቲዩብ ቆጣሪውን ወደ 64 ቢት ቀይሮታል።

ሰዓትም አለ። ብዙ ማሽኖች ጊዜን የሚይዙት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰከንድ በመቁጠር ነው። ሰከንዱ 2,147,483,647 የሚደርሰው ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ነው፣ ማክሰኞ፣ በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። የጥምቀት ማለዳ! ደሴ ላይ ሕዝቡ ታቦታቱ ባደሩበት ተሰብስቦ ጠበል ሲረጭ ማለት ነው። ያልታደሰ ባለ 32 ቢት ማሽን በሚቀጥለው ሰከንድ ምልክቱ ወደ መቀነስ ተገልብጦ ወደ ኋላ ይዘላል፣ ቀኑንም ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ነው ይላል። ያኔ ምኒልክ ዙፋን ላይ ናቸው፣ ወሎም በራስ ሚካኤል እጅ ነበረች።

አዳዲሶቹ ስልኮችና ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ ወደ 64 ቢት ተሻግረዋል። የሚያሳስበው ተገጥሞ የተረሳው ነው፦ ፋብሪካ ውስጥ ያለ መቆጣጠሪያ፣ የቆየ የደህንነት ካሜራ፣ ማንም ሶፍትዌሩን ነክቶት የማያውቅ ቆጣሪ። እነዚህን ከአሁኑ እያዩ መቀየር ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም በዚያ ማለዳ ባለሙያውም በዓል ላይ ነው።