የሐይቅ አሳ እና የእርባታ አሳ፦ ልዩነቱ ከመኖው ነው

ሰበታም ሆነ ቡራዩ አሳ ስትገዙ «የሐይቅ ነው የእርባታ?» ማለት ብቻውን ስለ ምግብነቱ ብዙ አይነግራችሁም።

ቆሮሶን (ቲላፒያን) እንውሰድ። ከዝዋይም ይምጣ ከኩሬ፣ 100 ግራም ጥሬ ሥጋው 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ስቡ ጥቂት ነው። የሚለያዩት በዚያች ስብ ዓይነት ነው። አሳ ኦሜጋ 3ን፣ ማለትም ተፈላጊውን ጠቃሚ የስብ ዓይነት፣ በአመዛኙ የሚያገኘው ከሚበላው ነው። የሐይቁ ቆሮሶ አልጌ (ውኃን አረንጓዴ የሚያደርገውን ጥቃቅን ነገር) ይለቅማል፤ ኦሜጋ 3 የሚመነጨው ከአልጌ ነው። የኩሬው በፉርሽካና በኑግ ፋጉሎ ብቻ ካደገ ኦሜጋ 6 (በቅባት እህሎች ዘይት የሚበዛው ሌላው የስብ ዓይነት) ይበዛበታል። ውኃው በፍግ ዳብሮ አረንጓዴ ከሆነ ግን እሱም አልጌ ስለሚያገኝ ከሐይቁ ይቀራረባል። ስለዚህ እንዲህ ጠይቁ፦ ምን በልቶ አደገ? መቼ ወጣ?

ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጣል ባይ ነን። ዛሬ ጠዋት ከኩሬ የወጣ አሳ፣ ያለ በረዶ ከሩቅ ከተጓዘ የሐይቅ አሳ ይሻላል። ከጭንቅላቱ ጎን ያለውን ክዳን ገልጣችሁ ስንጥቡን እዩ፤ ደማቅ ቀይ ይሁን፣ ከቦዘዘ ቆይቷል። ሥጋው በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ ከቀረ አትግዙት።

ደግሞ በሱፍ ዘይት እስኪደርቅ ከጠበሳችሁት፣ ከዘይቱ የሚገባው ኦሜጋ 6 የሁለቱን ልዩነት ይውጠዋል። ለኦሜጋ 3 ብላችሁ ከገዛችሁ ወጥ ወይም ሾርባ አድርጉት።